የግማሽ ፔኒ ቅጥራን

(በተመራቂዎች ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ አጭር ንግግር)



ምሳው ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ። የማወራው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል ነው፦ «ስፖይል ዘ ሺፕ ፎር ኤ ሄይፐርዝ ኦቭ ታር»። ለግማሽ ፔኒ ቅጥራን ሰስቶ መርከቡን ማበላሸት ማለት ነው። ብዙ ድካምና ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ትንሿ ወጪ ተነፍጋው ከንቱ ሲቀር እንግሊዞች ይህን ይላሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1971 አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነበር፤ ግማሽ ፔኒ እንግዲህ የፓውንድ 480ኛ እጅ መሆኑ ነው።

የእንጨት መርከብ ውሃ እንዳያስገባ ቅጥራን ይቀባል፤ የኖኅ መርከብም በቅጥራን ነው የተለቀለቀችው። ስለዚህ አባባሉ የመርከበኞች ይመስላል። ነገር ግን በ17ኛው መቶ ዘመን ጽሑፎች የምናገኘው በግ ወይም አሳማ ነው። እረኞች የበጉን ቁስል ዝንብ እንዳያርፍበት ቅጥራን ይቀቡት ነበር። በአንዳንድ የእንግሊዝ ገጠሮች በግንም መርከብንም የሚጠሩት በተመሳሳይ ድምፅ ነበርና፣ በጉ በሰሚው ጆሮ መርከብ ሆነ። እኛስ ብንሆን እንግሊዝኛ ስንጀምር ሁለቱን ለመለየት ምላሳችን መች አልተፈተነም? (ሳቅ)

ለውጡ ግን ቀላል አይደለም። መርከብ አንዴ ተሠርቶ ይመረቃል፤ በግ በየቀኑ ጠባቂ ይፈልጋል።

እኛ ተመራቂዎች ደግሞ ምረቃ እንወዳለን። ሕንፃ ሲሠራ፣ ስማችን ሲለጠፍ፣ ኪሳችን ይፈታል። ለአሸንዳ ጠረጋ አዋጡ ብንባልስ? ያልተጠረገ አሸንዳ ክረምት ሲገባ ኮርኒሱን ያበሰብሳል፤ ከኮርኒሱ ሥር መጻሕፍት አሉ። አምፖሉ የተቃጠለ ማይክሮስኮፕ ሸራ ለብሶ ይቀመጣል፤ ተማሪው ህዋስን በሥዕል ብቻ አይቶ ይመረቃል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባላችን ለዚህ ቅርብ ነው፤ እሱ ግን ስለ ጊዜ ነው፣ ቶሎ ድረስ ይላል። የእንግሊዞቹ ስለ ኪስ ነው። አቅም ላጣ ሰው አይባልም፤ ቅጥራኑን መግዛት እየቻለ ለተወው ነው። እኛ ደግሞ እንችላለን።

ሐሳቤ አንድ ነው፦ ማኅበራችን ለአዲስ ሥራ ገንዘብ ባሰባሰበ ቁጥር፣ ገና ከመነሻው ለጥገና የሚሆን ድርሻ ይቀመጥ። ምን እንደጎደለ መምህራኑ ያውቃሉና እንጠይቃቸው። የስም ሰሌዳ አይለጠፍበትም፤ በጉ ግን ይተርፋል።