ጠመንጃውን ከሰቀለ በኋላ
(በአርበኞች ድል መታሰቢያ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ላይ ለወጣቶች ካደረግሁት ንግግር)



ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ስለ አርበኛ የምንሰማው ስንት ጣሊያን እንደጣለ ነው። ይነገር፤ ደግ ነው። ግን እኮ አምስት ዓመት የተዋጋ ሰው፣ ዕድሜ ከሰጠው፣ ከዚያ በኋላ አርባና ሃምሳ ዓመት ኖሯል! ያን ሁሉ ዘመን ምን ሲሠራበት ኖረ? ጠያቂ የለም። እኔ ዛሬ የማወራው ስለዚህኛው ዕድሜ ነው። ምስክሬም የዚህ አገር ገበሬ የነበሩት አያቴ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ብጤዎቻቸው ብዙ ነበሩና በእሳቸው ቦታ የራሳችሁን አያት አስገቡ።

አስቀድሞ ግን ሜዳውን እንወቀው፤ ሩቅ አይደለምና። በ1933 ዓ.ም. መባቻ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ገብቶ ፋግታ ላይ ሲቀመጥ ያስቸገረው ጣሊያን ብቻ አልነበረም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ሁለቱም ጠላትን የሚዋጉ የጎጃም አርበኞች፣ እርስ በርሳቸው አይተማመኑም። በዚያው መስከረም ግን አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። አያቴ ከተኩሱ ሁሉ አብልጠው የሚያወሩት ይህንን ዕርቅ ነበር።

የካቲት ማለቂያ ላይ የዊንጌት ጦር ቡሬንና ማንኩሳን አስጨነቀ። በማንኩሳ ምሽግ ዙሪያ በድምፅ ማጉያ እየተለፈፈ ለጣሊያን ያደሩት ወታደሮች እንዲከዱ ይጠሩ ነበር። ኮሎኔል ናታሌ በሺህ የሚቆጠር ጦሩን ይዞ የካቲት 25 ቡሬን ለቀቀ። በሁለተኛው ቀን ደምበጫ አጠገብ ቻረቃ ወንዝ ላይ ከስደተኛ ኢትዮጵያውያን ከተመለመለው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ፊት ለፊት ገጠመ። መጋቢት ሳያልቅ ደብረ ማርቆስም ነፃ ወጣች።

የተከተለውን ታውቁታላችሁ። ባንዳ ከነበሩት ስንቱ ወንበሩን ሲያገኝ፣ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አያቴም ማዕረግ አልደረሳቸውም። ለነገሩ አልጠየቁም፤ ደጅ ጥናት የሚባለውን ነገር ይጠየፉት ነበር። በሬያቸውን ጠመዱ፣ አለቀ።

ታዲያ ከአምስት ልጆቻቸው ጋር የሞተ ጓዳቸውን ሁለት ልጆች አሳደጉ። እንዴት አድርገው እንዳሳደጉ ልንገራችሁ? እናቴ ታላቅ ወንድሟ የሥጋ ወንድሟ አለመሆኑን ያወቀችው ለሠርጓ ሰባት ቤት ሲቆጠር ነው! ርስት ሲካፈልም ሰባቱ እኩል ደረሳቸው። ከዘመድ መሐል ያጉረመረመ አልጠፋም፤ አያቴ ግን «አባታቸው የሞተው ለሁላችን ነው» ብለው ዘጉት።

አንድ ጊዜ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ሰው ገደለ። የሟች ወገን ደም ሊመልስ ጫካ ገባ። አያቴ ከሽማግሌዎች ጋር ሰንብተው ካሳው ተቆረጠ፤ የገዳይ አባት ግን የሚከፍለው የለውም። ይኼኔ አያቴ ምንሽራቸውን ሸጡ። ጎጃሜ የተዋጋበትን ጠመንጃ ለሰው ዕዳ ሸጠ ቢባል ማን ያምናል? ሴት አያቴ ግን ያን ቀን «ጠመንጃው የሚገባው ቦታ ገባ» እንዳሉ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። እግረ መንገዴን ልበልና፣ አያቴ ለዕርቅ ሳምንት ሲጠፉ ከብቱን፣ አዝመራውንና ሰባቱን ልጆች የያዙት እኚሁ ሴት ናቸው። የአርበኛ ሚስት ሜዳሊያ ያጠለቀላት ማን ነው?

ክረምቱ የእንጨት ድልድዩን ሲወስደው ደግሞ በየመስከረሙ ወንፈል ጠርተው መልሰው ይሠሩታል። ተማሪዎች እንዲሻገሩ ነው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም።

ከዚያ 1960 መጣ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ «መሬት ሊለካ ነው፣ ርስት ሊነጠቅ ነው» ተባለና ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ሞጣ፣ ቢቸና ታወኩ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። እንዴ! ጣሊያን የደበደበውን ገበሬ የራሱ መንግሥት ይደብድበው? አያቴ ጠመንጃ የላቸውም፤ ሴትና ሕፃናትን ከብት ጋር ወደ ቆላ ሲያወርዱ ከረሙ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ገበሬው ያሸነፈው ብዙ ነገር የለምና ይህቺን አትርሱለት።

አያቴ ያረፉት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር። እኔ ገና ተማሪ ነበርሁ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት መካከል በዚያ ጠመንጃ የታረቁት የሁለቱ ቤት ልጆች ይገኙበታል።

ከቡሬና ከማንኩሳ ዘማቾች ዛሬ የሚጠየቅ ሰው ማግኘት ዘበት ነው። ልጆቻቸው ግን አሉ፤ እነሱም አርጅተዋል። ስለዚህ በሩ አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጫለሁ። ስትወጡ የአያታችሁን ስምና ጎጡን ጻፉልኝ። ስንት ገደለ የሚለውን ተዉት። ማንን አሳደገ፣ ማንን አስታረቀ፣ ማን አብሮት ቤቱን ያዘ፤ እሱን ጻፉ። እስክሪብቶ ያልያዘ ከእኔ ይውሰድ።