የክር ሱቅ ምስጢሮችና የእኛ የፈትል ጉባኤ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በንባብ ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)



የንባብ ቡድናችን የያዘውን ርእስ ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም አማተባችሁ። «ሴቶች ተሰብስበው የግድያ ታሪክ ይሰማሉ እንዴ?» ብላችሁ ጠየቃችሁን። አዎ፣ እንሰማለን። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚያነቡት መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ ይተርኩልናል፤ ሌሎቻችን እንዝርታችንን እያሾርን እናዳምጣለን። ዛሬ ከዚያ ያገኘነውን ልናካፍላችሁ ነው።

እነዚህ መጻሕፍት በእንግሊዝኛው ዓለም «ኮዚ» ይባላሉ። በብርድ ቀን እሳት ዳር እንደ መቀመጥ ያለ፣ ምቹና ሞቅ ያለ ነገር ማለት ነው። ሰው ይሞትባቸዋል፤ ደሙ ግን አይታይም። ቦታው ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት መንደር ወይም ትንሽ ከተማ ነው። ገዳዩን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ፖሊሱ ሳይሆን አንዲት ተራ ሴት ናት። በአማርኛ የምናውቃቸው ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍት የሰላይና የመንግሥት ታሪክ ናቸው። እነዚህ ግን የጎረቤት ታሪክ ናቸው። ከእነሱም አንዱ ወገን ታሪኩን የሚያስኬደው የሹራብ ክር በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው።

የነዚህ ሁሉ አያት የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ ሚስ ማርፕል ናት። ሚስ ማርፕል ያላገባች አሮጊት ናት፤ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1927 በታተመ አጭር ታሪክ ነው። ጥቂት ሰዎች ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ተገናኝተው፣ እያንዳንዳቸው መልሱን የሚያውቁትን ምስጢር ለሌሎቹ ሊያቀርቡ ይስማማሉ። የፖሊስ ሹም የነበረ ሰው አለ፤ ጠበቃ አለ፤ ቄስ አለ፤ ደራሲ አለ። አባላቱን ሲቆጥሩ ጥግ ተቀምጣ ሹራቧን የምትሠራውን አሮጊት ይረሷታል። ምስጢሩን የምትፈታው ግን እሷ ናት። ዘዴዋም ቀላል ነው፤ የሰማችውን ሁሉ በመንደሯ ካየችው ሰው ጋር ታመዛዝነዋለች። የሰው ጠባይ የትም አንድ ነው ባይ ናት።

ከሷ በኋላ የመጡት አሜሪካውያን ደራስያን ወንበሩን ከአንድ ወደ ብዙ አበዙት። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የማጊ ሴፍተን «ኒት ዋን፣ ኪል ቱ» የተባለው መጽሐፍ፣ ለአክስቷ ቀብር ወደ ኮሎራዶ ስለተመለሰች አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ይተርካል። ፖሊስ «ሌባ ገብቶ ገደላት» ብሎ ነገሩን ሊዘጋ ነው። ልጅቱ ግን ቁጥር ታውቃለችና አንድ ነገር ይከነክናታል። ቁጥብና አስተዋይ የነበረችው የ68 ዓመት አክስቷ፣ ልትሞት ጥቂት ቀን ሲቀራት 20,000 ዶላር የተበደረችው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዛ ከክር ሱቁ ሴቶች ጋር ትቀመጣለች። እዚህ ላይ ስንደርስ የቁጠባ ጸሐፊዎቻችን እንዝርታቸውን አቆሙ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሳሊ ጎልደንባውም «ዴዝ ባይ ካሽሚር» ደግሞ በባሕር ዳርቻ ስላለች ትንሽ ከተማ ነው። ከክር ሱቁ ፎቅ ላይ የተከራየች ወጣት ባሕር ውስጥ ሞታ ትገኛለች። ከተማው «ሰጠመች» ብሎ ሊያልፍ ሲል፣ የሚያውቋት ሴቶች እንዲህ በቀላሉ አይሆንም ይላሉ።

ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ነገር ይጋራሉ። ሞቱን ቶሎ የሚዘጋ አንድ ቃል አለ፤ «ሌባ»፣ «አደጋ»። ያን ቃል የማይቀበሉት የሟቿን የዕለት ኑሮ የሚያውቁ ሴቶች ናቸው። የሚያውቁትም ዓይናቸው ከሌላው የተለየ ሆኖ ሳይሆን አብረዋት ስለተቀመጡ ነው።

እህቶች፣ ይህ ለእኛ እንግዳ ነው? ጥጡ ከቆላ ይመጣል። በመዳመጫ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፤ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር ቢያደርገውም ማጉን ከእኛ እጅ ይወስዳል። ይህ ሥራ እጅን ይይዛል እንጂ ጆሮን አይይዝም። ስለዚህ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በገጠሩም ቀበሌ፣ ፈትል ባለበት ሁሉ ወሬ አለ። ማን እንደቀረች፣ የማን ፊት እንዳበጠ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ከማንም በፊት የምንሰማው እኛ ነን።

የንግግራችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ መስማት ሁለት ስለት አለው፤ ነፍስ ያድናል፤ ነፍስም ያጠፋል።

አባቶቻችን ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም የሚያወጡበት ሥርዓት ነበራቸው። አንዱ አውጫጭኝ ነው፤ በሌላ አገር አፈርሳታ ይሉታል። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ሲገደል ያገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም፤ የቀረ ይቀጣል። ጥሩ ጎኑ፣ ነገሩ የሁሉም ነው፤ «እኔን አያገባኝም» የሚባል የለም። ክፉ ጎኑ ደግሞ፣ የተራበና የደከመ ሰው ወደ ቤቱ ለመግባት ሲል የማይወደውን ሰው ስም ሊጠራ ይችላል። እኛ ዛሬም የነገረንን ሰው ስንደብቅ «ወፍ ነገረችኝ» እንላለን። ወፏ ግን ለመሐላ አትቀርብም።

ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው፤ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ፣ በወገቡ መታጠቂያ ተይዞ በመንደሩ ይሮጣል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ማስረጃ የለም፤ ጥያቄ የለም፤ የደነዘዘ ልጅ መውደቅ ብቻ። ይህን ስንሰማ ዛሬ እንስቃለን። ነገር ግን እኛስ የሰው ስም የጣልንበት ቀን የለም?

በገጠራችን ሰው ድንገት ሲታመም ወይም ሲሞት «ቡዳ በላው» የሚል ቃል ይወጣል። ጣቱም የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቀጥቃጩና በሸማኔው ቤት ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በልጧል። ማጋችንን የሚሸምነው ሰው፣ ጀበናችንን የሠራችው ሴት በእኛው ወሬ ሲከሰሱ ዝም ያልን እንደሆነ እኛም የሌባ ሻዩን ልጅ ይዘን ሮጠናል። «ቡዳ በላት» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላም ጥፋት አለው፤ በሽታውን ከሐኪም፣ ዱላውን ከዳኛ ይሸሽጋል። መጽሐፉ ውስጥ «ሌባ ገደላት» እንደተባለው፣ ጥያቄውን ይዘጋዋል።

መጻሕፍቱና የእኛ ኑሮ የሚለያዩበትንም መናገር አለብን። በክር ሱቅ ታሪክ የገዳዩ ስም ሲጠራ መጽሐፉ ያልቃል፤ ሴቶቹ ሻያቸውን ይጠጣሉ። በእኛ አገር ስም ሲጠራ ገና መጀመሩ ነው። ዘመድ አለ፤ ቂም አለ፤ ደም መላሽ አለ። በፈትል መካከል ያለ ማስረጃ የተጣለች አንዲት ስም ሁለተኛ አስከሬን ልታመጣ ትችላለች። ሽማግሌዎቻችን ደም ለማድረቅ ስንት ደጅ እንደሚመላለሱ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ነው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የተባለው።

ታዲያ ዝም እንበል? አይደለም። ዝምታም ገድሎናል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያን በር ዘግቶታል፤ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባም ወንጀል መሆኑን በግልጽ ደንግጓል። ስለዚህ ዛሬ በፈትል መካከል የምንሰማው ነገር የሚሄድበት ቦታ አለው። ቀድሞ «የቤት ጉዳይ ነው» ተብሎ ይመለስ የነበረው፣ ዛሬ በሕግ ፊት ይቆማል፤ የሚያቀርበው ሰው ካለ።

ከመጻሕፍቱ ወስደን ለማኅበራችን የሚስማማ አድርገን ያሰናዳናቸው አራት ልማዶች እነሆ።

አንደኛ፣ የተለወጠውን እናስተውል። በየሳምንቱ የምትመጣ እህት ስትቀር፣ ዘወትር የምታወራዋ ዝም ስትል፣ በሙቀት ቀን ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስትከናነብ ጥያቄ ነው። የቁጠባ መዝገባችንም ይናገራል። ለዓመታት ብር በብር ያጠራቀመች ሴት ድንገት ሁሉን ካወጣች፣ ወይም የማይመስላትን ብድር ከጠየቀች፣ ገንዘብ ያዥዋ ብቻዋን ወስዳ በቀስታ ትጠይቃት። ይህ በኮሚቴው ውስጥ ይቅር፤ ለቡና ወሬ አይውጣ።

ሁለተኛ፣ ያየነውን ከሰማነው እንለይ። «አየሁ»፣ «ነገሩኝ» እና «መሰለኝ» ሦስት የተለያዩ ክሮች ናቸው። አንድ ልቃቂት ላይ ከጠቀለልናቸው ማንም አይፈታቸውም። ያየነውን ከነቀኑ እንጻፍ፤ መጻፍ የማትችል ለምትችል ታስጽፍ። የሰማነውን ማን እንደነገረን እንያዝ። የመሰለንን በሆዳችን እናቆየው።

ሦስተኛ፣ ምልክቱን አናጥፋ። አደጋ የደረሰባት ልጅ ወይም ሴት ስትገኝ የመጀመሪያው ርኅራኄያችን ማጠብና ልብስ መቀየር ነው። ልባችን መልካም ነው፤ ውሃው ግን ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል። እንሸፍናት፣ እናጽናናት፣ ሳንታጠብ ሳናጥብ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።

አራተኛ፣ ለሚመለከተው እናስረክብ። እዚህ ላይ መጻሕፍቱን አንከተልም። የክር ሱቋ ጀግና በመጨረሻው ምዕራፍ ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ገብታ ከገዳዩ ጋር ትፋጠጣለች። ደራሲዋ ስላለች ትተርፋለች፤ እኛን የሚያተርፍ ደራሲ የለም። ሁለትና ሦስት ሆነን፣ በቀን፣ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት እንሂድ። ሰሚ ካጣን ደግመን እንሂድ። የመንደር ሽማግሌ ያስታርቅ፤ ወንጀልን ግን እርቅ አይሸፍነው።

በመጨረሻ ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። በየዓመቱ ስንት ጋቢና ስንት ነጠላ እንደወጣ ትጠይቁናላችሁ፤ መጠየቃችሁም ተገቢ ነው፤ ሒሳቡን እናቀርባለን። ነገር ግን ለጥጥና ለደጋን፣ ለመሰብሰቢያ ቤቱ ኪራይ የምትሰጡት ብር ልብስ ብቻ አይሠራም። አንዲት ሴት ከቤቷ ወጥታ፣ ማንም «የት ነበርሽ?» ሳይላት፣ በእንዝርት ሰበብ ከሌሎች ጋር የምትቀመጥበትን ወንበር ይገዛል። ያ ወንበር ባዶ ሲሆን የሚያውቅ ሰው መኖሩ በሪፖርት ሰንጠረዥ ላይ አይገባም። ጋቢ ከነጋዴ ሊገዛ ይችላል፤ ይህ ግን አይገዛም።

ለአባላት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ስም ጥሪ ይኑረን፤ ለቅጣት ሳይሆን ለማወቅ። ያልመጣች እህት ካለች፣ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሴቶች ሄደው ይጠይቋት። ብዙ ጊዜ ልጅ ታሞባት ወይም እንግዳ መጥቶባት ይሆናል፤ ቡና ጠጥተው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን መድረሳችን ዋጋ ይኖረዋል። ሚስ ማርፕልን ሲቆጥሩ ረሷት፤ እኛ ማንንም ሳንረሳ እንቁጠር። ጸሐፊዋ «የለችም» ስትል፣ ከእኛ የሚመጣው ቃል «ማን ይሂድ?» ይሁን።