ሕግና ሕሊና በአንድ ሚዛን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ግቢ ወጥተን፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ወደ ዩኒቨርስቲ እንሄዳለን። «ምን ልትማሩ አስባችኋል?» ተብለን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን «ሕክምና» ወይም «ምሕንድስና» እንላለን፤ ጠያቂውም ደስ ይለዋል። ከመካከላችን ጥቂቶች ግን «የንግድ ሕግና የሸማቾችን መብት እንማራለን» ባልን ጊዜ፣ «ለመሸጥና ለመግዛት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? ይህ ከገበያ የሚለመድ ነገር ነው» የሚል መልስ ሰማን። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ አነጋገር መልስ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። መልሳችንንም ከሩቅ አገር አንጀምርም፤ ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ፣ ለመሰናበቻ በዓላችን የሚሆን ገንዘብ ለማጠራቀም ብለን፣ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ተቀብለን አንዲት አነስተኛ የተማሪዎች ሱቅ ከፈትን። ደብተር፣ እርሳስ፣ እስክሪብቶ፣ ብስኩትና ከረሜላ እንሸጥ ነበር። በጥር ወር ከአንድ የጅምላ ነጋዴ ዘንድ ዋጋው እጅግ የረከሰ አንድ ካርቶን እስክሪብቶ ገዛን። ርካሽነቱ ስላስደሰተን አንዱን እንኳ በወረቀት ላይ ሳንሞክር ተሸክመነው መጣን፤ በአንድ ሳምንትም ውስጥ ግማሹን ያህል ሸጥን።

በፈተና ዕለት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እያለቀሰ ወደ ሱቃችን መጣ። በፈተናው መካከል የእስክሪብቶው ቀለም ነጥፎበት፣ የሚያውሰው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ሰዓቱ አልፎበት ነበር። የቀሩትን ከካርቶኑ እያወጣን ብንሞክራቸው ብዙዎቹ አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፉ ደረቁ።

ያን ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን፣ «እኛ አልሠራነው፤ እኛም ተታለን ነው የገዛነው፤ የቀረውን ሸጠን ገንዘባችንን እናውጣ» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ «መጥፎነቱን ካወቅን በኋላ መሸጥ ከሌብነት አይለይም» አልን። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያሸነፈው የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ በእነዚያም ሁለት ቀኖች ውስጥ ዐሥራ ሰባት እስክሪብቶ ሸጠናል። ይህን ዛሬ በወላጆቻችን ፊት ስንናገር ያሳፍረናል። በሦስተኛው ቀን ግን ያ ልጅ በመስኮታችን አጠገብ ሲያልፍ ዐይኑን ማየት አቃተን። በሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ጽፈን፣ እስክሪብቶውን ላመጣ ሁሉ ገንዘቡን መለስን። ከገዢዎቻችን አንዱም ደረሰኝ አልነበረውም፤ ልንክድ ብንፈልግ የሚይዘን ማስረጃ አልነበረም። ገንዘቡን ያስመለሰን ሕሊናችን ብቻ ነበረ።

ቀጥሎም ሦስት ሆነን ወደ ጅምላ ነጋዴው ሄድን። በትሕትና ተቀብሎን ነገራችንን እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ፣ «ደረሰኛችሁስ?» ሲል ጠየቀን። ደረሰኝ አልነበረንም። በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል ስለ ተባልን፣ ጥቂት ብር ለማትረፍ ብለን ያለ ደረሰኝ ተስማምተን ነበር። ስለዚህ ባዶ እጃችንን ተመለስን። የዛሬው መስተንግዶ በዳቦና በሻይ ብቻ የሆነበት ምክንያት ይህ መሆኑን እንግዶቻችን ተረድታችሁ ይቅርታ እንድታደርጉልን እንለምናለን።

ከዚህ ነገር የተማርነው ይህ ነው። ሕሊና ብቻውን ለታናናሾቻችን ገንዘባቸውን አስመለሰ፤ ከነጋዴው ግን የእኛን ሊያስመልስ አልቻለም። ሕግ ደግሞ ማስረጃ ይዘን ቢሆን ኖሮ ከነጋዴው ጋር በቆመልን ነበር፤ ለታናናሾቻችን እንድንመልስ ግን ሊያስገድደን አልቻለም። እንግዲህ በገበያ መካከል ሕግና ሕሊና እንደ ሚዛን ሁለት ሳሕኖች ናቸው፤ አንዱ ቢጎድል ሚዛኑ ያዘነብላል።

አባቶቻችን ይህን ነገር ሳያውቁት አልቀሩም። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚሉት ተረት፣ በደል የሚለካው በጠፋው ነገር ትልቅነት እንዳልሆነ ያስተምረናል። የሀገራችን የቀድሞ የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ብድር፣ ስለ አደራ፣ ስለ ሽያጭና ስለ ሽርክና የሚናገሩ ክፍሎች አሉት። ነቢዩ አሞጽ መስፈሪያውን አሳንሰው በሐሰት ሚዛን የሚያታልሉትን ነጋዴዎች መገሠጹን በዚሁ ትምህርት ቤት በመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜ ተምረናል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ነገር ግን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የንግድ ሕግ ጥያቄም ጭምር መሆኑን ያወቅነው በቅርብ ጊዜ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1928 በነሐሴ ወር፣ በስኮትላንድ ፔዝሊ በምትባል ከተማ፣ ሜይ ዶነሁ የምትባል ሴት ከወዳጅዋ ጋር ወደ አንድ ካፌ ገባች። ወዳጅዋም በጠርሙስ የታሸገ የዝንጅብል መጠጥ ጋበዘቻት። ጠርሙሱ ጥቁር ስለ ነበረ ውስጡ አይታይም ነበር። ወይዘሮዋ ከመጠጡ ከቀመሰች በኋላ የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ፣ በዚህም ምክንያት ታመምሁ ስትል መጠጡን በሠራው ሰው ላይ ክስ አቀረበች። መጠጡን የገዛችው ወዳጅዋ ስለ ነበረች፣ ወይዘሮዋ ከፋብሪካው ጋር ቀርቶ ከካፌው ጋር እንኳ ውል አልነበራትም። ታዲያ ውል ሳይኖር ሠሪው ለእርስዋ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም? ይህ ጥያቄ እስከ ብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ፣ በ1932 በግንቦት ወር ሦስት ዳኞች ለእርስዋ፣ ሁለት ዳኞች በተቃራኒው ሆነው፣ ነገሩ በማስረጃ ከተረጋገጠ ሠሪው ኀላፊ መሆኑ ተወሰነ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የሆኑት ሎርድ አትኪን፣ ባልንጀራን መውደድ በሕግ ፊት ባልንጀራን አለመጉዳት እንደ ሆነ ገለጹ፤ ባልንጀራ የሚባለውም በሥራችን ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድመን ልናስበው የሚገባን ሰው መሆኑን አስረዱ።

የእኛም ሀገር ሕግ በዚህ ነገር ወደ ኋላ አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085፣ ለትርፍ ብሎ ዕቃ እየሠራ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠሩበት በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ኀላፊ ይሆናል ይላል። ይሁን እንጂ ጉድለቱ እንደ ልማዱ ዕቃውን በመመርመር ሊታወቅ ይችል የነበረ ከሆነ ኀላፊነቱ እንደሚቀር ይጨምራል። ይህን ባነበብን ጊዜ በወረቀት ላይ ሳንሞክር የተሸከምነው ካርቶን ትዝ አለንና ተያይተን ሳቅን። ሕጉ ሠሪውን ሲቈጣጠር ገዢውንም ዐይንህን ግለጥ ይለዋል።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግም ወጥቶአል። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸሙት። ሕጉ በአምስት መጻሕፍት ተከፍሎ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበሮች፣ ስለ ማመላለሻና ኢንሹራንስ፣ ስለ ባንክና በገንዘብ ስለሚተላለፉ ሰነዶች፣ እንዲሁም ስለ ኪሣራ ይናገራል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ከእነዚህ መካከል አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ተክቶአል።

የገዢ መብት በዓለም ፊት ጎልቶ የተነገረው በአውሮፓ አቈጣጠር መጋቢት 15 ቀን 1962 ነው። በዚያ ቀን የአሜሪካ ፕሬዚደንት ጆን ኬኔዲ ለሀገራቸው ምክር ቤት በላኩት መልእክት አራት መብቶችን ቈጠሩ፤ እነርሱም ከአደጋ የመጠበቅ፣ እውነተኛ መግለጫ የማግኘት፣ የመምረጥና የመሰማት መብቶች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታትም ድርጅት በ1985 ስለ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አወጣ። በሀገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደነገገ። ከሁሉም ይልቅ ያስገረመን፣ ሸማች ዕቃውን አይቶ ዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም የሚለው ቃል ነው። እናቶቻችን በገበያ ዋጋ ጠይቀው ሳይገዙ በመሄዳቸው ስንት ጊዜ ተሰድበዋል! ስድቡን ሕግ የሚከለክለው መሆኑን ግን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

እንግዲህ ሕጉ ካለ የጎደለው ምንድር ነው? ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይገኛል፤ በደሉ ግን የሚገኘው በቁናውና በጣሳው ላይ ነው። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር፣ ማር ከስኳር ጋር፣ ቅቤም ከሌላ ስብ ጋር እየተደባለቀ ሲሸጥ መገኘቱን ሁላችንም ሰምተናል። በአንድ እስክሪብቶ ምክንያት ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው የለም፤ የሚጠፋው ጊዜ ከእስክሪብቶው ዋጋ ይበልጣልና። አታላዩም የሚኖረው በዚህ ነው፤ ከአንድ ሺህ ሰው ጥቂት ጥቂት ሲወስድ እያንዳንዱ ሰው «ምን አለበት» ብሎ ይተወዋል። የሚጎዳውም ገዢው ብቻ አይደለም። ንጹሕ በርበሬ የምታቀርብ ሴት ሸክላ ከሚደባልቅ ጎረቤትዋ ጋር በዋጋ ልትወዳደር አትችልም፤ ወይ ከገበያው ትወጣለች፣ ወይ እርስዋም መደባለቅ ትጀምራለች። ስለዚህ የሸማቾች ሕግ የነጋዴ ጠላት አይደለም፤ የሐቀኛው ነጋዴ አጥር ነው።

ይህን አጥር የሚያጥሩ የተማሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። በሀገራችን ለዚህ የተጣለ መሠረት አለ፤ የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ በዩኒቨርስቲ ደረጃ የሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ተከፍተዋል። ከዚያ ወዲህም በየክፍለ ሀገሩ ሌሎች ተጨምረዋል። በእነርሱ ውስጥ የሚማር ሰው ውል እንዴት እንደሚጻፍ፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝ፣ ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም ይማራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን የማይከስበትን ትንሽ በደል ብዙ ሸማቾች በማኅበር ሆነው ሊጠይቁ ይችላሉና።

ነገር ግን አንድ ፍርሃት አለን፤ ከእናንተም አንሰውረውም። ሕግ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ለተበደለው አይቆምም። ገዢው እንዳያነበው አድርጎ በደቃቅ ፊደል ውል የሚጽፈውም ሕግ የተማረ ሰው ነው። እኛም ገና ሳንማር፣ ስለ ጥቂት ብር ብለን ሁለት ቀን ሙሉ ታናናሾቻችንን አታልለናል። ዕውቀት ስንጨምር የማታለል ችሎታችንም አብሮ እንዳይጨምር፣ መምህራኖቻችን የተከላችሁብንን ሕሊና እስከ ዩኒቨርስቲው ደጅ ብቻ ሳይሆን እስከ ሥራችን ቦታ ይዘነው እንድንሄድ በጸሎታችሁ አስቡን።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ የንግድ ሕግ እማራለሁ ቢላችሁ ከሕክምና ያነሰ ነገር መረጠ ብላችሁ አትዘኑ፤ የተበላሸ ምግብና መድኃኒት ገበያ እንዳይወጣ የሚከላከል ሰው ሐኪሙን ይረዳዋል። ታናናሾቻችን ሆይ፣ እስክሪብቶ ስትገዙ በወረቀት ላይ ሞክሩ፤ ደረሰኝም ጠይቁ። «በሕግ አምላክ» ሲባል ወራጅ ውኃ እንኳ ይቆማል ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን ያንን ቃል የሚናገር ሰው ማስረጃውንም በእጁ መያዝ አለበት።

ሱቃችንን በሚመጣው ዓመት ለሚተኩን ተማሪዎች እናስረክባለን። ከቁልፉ ጋር ሁለት ነገር እንተውላቸዋለን፤ አንዱ የተገዛውና የተሸጠው ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ ነው፤ ሁለተኛውም ከዚያ ካርቶን የቀረ አንድ የደረቀ እስክሪብቶ ነው። እስክሪብቶው በሱቁ መስኮት ላይ በክር ተንጠልጥሎአል፤ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ታዩታላችሁ።