አውሮፕላኑ ሲያርፍ አደጋው አያበቃም



እዚህ ግቢ ሳለሁ የቦይልን ሕግ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ግፊት ሲቀንስ የታፈነ አየር ይሰፋል። ትርጉሙ የገባኝ ግን አውሮፕላን ውስጥ ነው።

ደረቱ የተጎዳ ወጣት ከቆላ ወደ አዲስ አበባ እያመጣን ነበር። ራጁ በሳንባው ዙሪያ ጥቂት አየር ያሳያል። «ትንሽ ናት፣ እስክንደርስ ምንም አትለውም» ብዬ ቱቦ ሳይገባለት አስነሳሁት። ከፍ ስንል ትንፋሹ አጠረ፣ ኦክስጅኑ ወረደ። አየሩን በመርፌ አወጣሁለት፤ ተረፈ። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር።

በረራ ላይ የአውሮፕላን ውስጥ አየር በ8,000 ጫማ ከፍታ ያለውን ያህል ሊሳሳ ይችላል። ይህ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ይቻላል። በባሕር ወለል ላይ የታፈነ አየር እዚያ ሲደርስ ሲሶ ያህል ይሰፋል። ጠረፍ ከተማ ብናርፍ መልሶ ይሰበሰባል፤ ቦሌ ስናርፍ ግን እንደሰፋ ይቀራል።

ስለዚህ ለወጣቶቹ ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው፦ ሳትነሱ ራጁን እዩ። የደረት ቱቦ የሚያስፈልገው መሬት ላይ እያለ ይግባለት። የመተንፈሻ ቱቦውን ፊኛ ግፊት ስትወጡም፣ ስትወርዱም፣ ካረፋችሁ በኋላም ለኩ።

መምህሮቼ፣ ዘግይቶም ቢሆን ገብቶኛል።