ውሻችንን ብንጠብቀው ይጠብቀናል
(ለወላጆችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



እዚህ ካኩማ ሌሊት ኮቴ ሲሰማ ቀድሞ የሚጮኸው ውሻ ነው። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለዋል። እኛስ ትርፍራፊ ከመወርወር አልፈን እንንከባከበዋለን ወይ? ዛሬ የማነሣው ይህንን ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ እያነከሰ መጣ። ብጠይቀው ዝም አለ። ኋላ እንደተረዳሁት ያሳደገው ቡችላ ነክሶት ነበር። «ከተናገርኩ ውሻዬን ይገድሉብኛል» ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ለእናቱ እንኳ አልነገረም። ወዲያው ክሊኒክ ወሰድነው፤ ክትባቱን ጀመረ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላው በሽታው ቢኖርበት ኖሮ ያ ዝምታ ልጁን ሊያሳጣን ይችል ነበር።

ስለዚህ አራት ነገር አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ክትባት። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ በየዓመቱም ይደገማል። የእንስሳት ሐኪሞች ሲመጡ ውሻችሁን በገመድ አስራችሁ አቅርቡ።

ሁለተኛ፣ ምግብ። ፍየል ስታርዱ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትጣሉ፤ በጥልቅ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሻው ከበላው የኮሶ ትል ወገን የሆነ ትንሽ ትል በአንጀቱ ይራባል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል። በሰው ጉበት ላይ ለዓመታት ቆይቶ ትልቅ እብጠት ይሆናል። ይህ ያለንበት ቱርካና በዚህ በሽታ በዓለም ከሚታወቁት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ውሻ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ስለ ትል መድኃኒቱም ሐኪሙን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ውሃና ጥላ። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ አታስሩት፤ ከጀሪካኑም ጥቂት ቀንሱለት።

አራተኛ፣ ንክሻ። ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ዕለቱን ክሊኒክ ሂዱ። ቅጠልም በርበሬም አትነስንሱበት። ውሻውን በቁጣ አትግደሉት፤ ከተቻለ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ክትባቱን ለመጀመር ይህንን አይጠብቅ።

ልጆች፣ ብትነከሱ አትደብቁ። ወላጆች፣ እውነቱን የነገራችሁን ልጅ አትምቱ።

የተማሪዬ ቡችላ 10ሩን ቀን ታስሮ ቆየ፤ ምንም አልሆነም። ዛሬም ያንኑ ደጅ ይጠብቃል።