የጃዝ ወዳጆች ጨዋታ፦ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ሩጫና ስለ ኑሯችን

(በናይሮቢ፣ በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «እናንተ የጃዝ ሰዎች ስለ ሙዚቃ አንድ ነገር በሉን» ሲል ተደናግጠን ነበር። እኛ ሙያተኞች አይደለንም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ጥግ ተሰባስበን፣ ቡና እየጠጣን፣ የድሮ ሸክላና ካሴት የምንሰማ ጥቂት ሰዎች ነን። ከመካከላችን ሹፌር አለ፤ የሒሳብ ሠራተኛ አለ፤ ምግብ ቤት ያላት አለች፤ ጡረታ የወጣ መምህርም አለ። የሚያመሳስለን ጃዝ መውደዳችንና ባልተጠየቅነው ነገር ሁሉ አስተያየት መስጠታችን ነው። ዛሬ ግን ተጠይቀናልና ትንሽ ታገሡን። በመጨረሻም የምንናዘዘው ጥፋት አለን።

በመጀመሪያ ስለ ሰዓት እናንሣ። እዚህ አገር ስንመጣ ብዙ ነገር እንግዳ ሆኖብን ነበር፤ ስዋሂሊ ስንማር ግን አንድ ነገር አጽናናን። ጎረቤቶቻችንም እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። ፈረንጁ ዘጠኝ ሰዓት የሚለውን ጠዋት እኛ ሦስት ሰዓት እንላለን፤ እነሱም በቋንቋቸው «ሳ ታቱ» ይላሉ፤ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። እንግዲህ የማኅበራችን ስብሰባ ሁልጊዜ የሚዘገየው በሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ነው ማለት አንችልም! ጃዝ ውስጥ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ መግባት ጥበብ ነው። ለጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መግባት ግን ጥበብ አይደለም።

ሁለተኛው አስተያየታችን ስለ ቡና ነው። ኬንያ ግሩም ቡና ታመርታለች፤ በየቤቱ ግን በብዛት የሚጠጣው በወተት የፈላ ሻይ ነው። እኛም ለምደነዋል። ሆኖም ጃዝ ምን እንደሆነ ለልጆቻችን ማስረዳት ሲቸግረን የምናሳያቸው የራሳችንን የቡና ሥርዓት ነው። በአቦሉ የመጣንበት ጉዳይ ይነሣል። በቶናው እያንዳንዱ በተራው የራሱን ይጨምራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። በበረካው ወደ ጀመርንበት እንመለስና ተመራርቀን እንነሣለን። ጃዝም እንዲሁ ነው። ዜማው ይሰማል፤ ተጫዋቾቹ በየተራ በዜማው ላይ የራሳቸውን ይፈጥራሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ዜማው ይመለሳሉ። ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ካወራ ቡናውም አይጣፍጥ፣ ጃዙም ጃዝ አይሆን።

ወደ ስፖርቱ እንለፍ። ከዚህ ላይ ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን። በናይሮቢ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሩጫ የበለጠ የሚያስደስትም የሚያስፈራም ነገር የለም። በ2000 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሲካሄድ፣ ቴሌቪዥን ባለበት ሁሉ ከኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ነበር። ፖል ቴርጋት አፈተለከ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ተከተለ፤ መድረሻው ላይ ሁለቱም ደረታቸውን ሰጡ። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሴኮንድ ገቡ። ልዩነቱ 0.09 ሴኮንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት እንኳ ከዚህ በሰፋ ልዩነት ነበር! እኛ ጮኽን፤ ጎረቤቶቻችን ራሳቸውን ያዙ፤ ከዚያም አብረን ሻይ ጠጣን።

የጃዝ ወዳጅ ይህን ሩጫ ሲያይ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። በጃዝ ሁለት ተጫዋቾች ጥቂት ጥቂት እየተጫወቱ ይቀባበላሉ፤ አንዱ ከፍ ሲያደርግ ሌላው ካልበለጠ ያፍራል። ኃይሌና ቴርጋትም እንዲሁ ነበሩ። ቴርጋት በ2003 በርሊን ላይ በማራቶን 2፡04፡55 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በ2007 እዚያው በርሊን ላይ ኃይሌ 2፡04፡26 በመሮጥ ተቀበለው። ከዚያም በፊት በ1968 ሜክሲኮ ላይ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ10,000 ሜትር ወርቁን ሲወስድ ማሞ ወልዴ ብሩን አገኘ፤ ማራቶኑን ግን ማሞ አሸነፈ። ጎረቤት ባይኖረን ኖሮ ይህን ያህል እንሮጥ ነበር ወይ? እኛ አይመስለንም።

አሁን ወደ ሙዚቃው እንምጣ። ከቅዳሜ ክርክሮቻችን ዋናው «የእኛ የሚባለው ሙዚቃ የቱ ነው?» የሚለው ነው። ብዙዎቻችን «የድሮው ነው» ብለን እንዘጋዋለን። እስቲ የድሮውን አብረን እንየው።

በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ሳለ ወላጆቻቸውን ያጡ 40 አርመናውያን ወጣቶች የናስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ለብዙ ዓመታት የአገራችንን ኦርኬስትራዎች አሠለጠነ። የዘመናዊ ሙዚቃችን አንዱ መሠረት የተጣለው እንግዲህ በስደተኛ ልጆች እጅ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄስ? ጅማ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ምህንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ተልኮ፣ ሙዚቃ ስቦት ለንደን፣ ቀጥሎም አሜሪካ ቦስተን በርክሊ ገባ። በ1966 ኒውዮርክ ላይ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ሸክላ አሳተመ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በቫይብራፎንና በኮንጋ ከበሮ አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝ የምንለውን አወጣ። ይህ ሙዚቃ መልኩን መያዝ የጀመረው በሰው አገር፣ እንደ እኛው አገሩን የናፈቀ ወጣት ልብ ውስጥ ነው። በ1973 ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ ዜማችንን ይዞ ከእሱ ኦርኬስትራ ጋር ለመጫወት በቅቷል።

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲጫወት መሣሪያው የፈረንጅ ነው፤ ወኔው የጎራዴና የጋሻ ነው። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዳ ኖሯል። በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርድ የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም በአዲስ ጆሮ ሰማውና እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ይህን ታሪክ ስንነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ነበር።

የጎረቤቶቻችንንም እንይ። የሉኦ ሕዝብ ኛቲቲ የሚባል ስምንት አውታር ያለው መሣሪያ አለው። ላየው የክራራችን ወንድም፣ የበገናችን ዘመድ ነው። ተጫዋቹ በእግሩ ጣት ባጠለቀው የብረት ቀለበት ምቱን ይመታል። ቤንጋ የተባለው የኬንያ ሙዚቃ የጊታር አመታቱን የቀዳው ከዚህ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ዝምድናችን ከፓስፖርታችን ይቀድማል።

አሁን ኑዛዜያችን። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዘመን መለወጫ በዓላችን ላይ፣ እዚሁ የተወለዱ ልጆቻችን አንድ ነገር አዘጋጅተው መድረክ ላይ ወጡ። አንዲት ልጅ ክራር ይዛለች፤ አንዱ ኪቦርድ ላይ ነው፤ ሌላው ማታቱ ውስጥ የምንሰማውን ዓይነት ምት ይመታል። ግጥሙ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ስዋሂሊ ነበር። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥነው እኛ፣ የጃዝ ወዳጅ ነን ባዮቹ፣ ተያየን። «ይህ ምኑ የእኛ ነው?» ተባባልን። ዘፈኑ ገና ሳይጋመስ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ልጆች፣ ይበቃል፤ ሰው ይጨፍርበት» አለና የተቀዳ ሙዚቃ አስከፈተ። እኛም አጨበጨብን። ልጅቱ ክራሯን በነጠላ ጠቅልላ ከመድረክ ወረደች።

በተከታዩ ዓመት እነዚያ ልጆች አልመጡም። ከዚያ በኋላ ባሉት በዓላትም አልመጡም። እኛ «የዛሬ ልጅ ማኅበር አይወድ» እያልን ስናማቸው ከረምን።

ለዚህ ኢዮቤልዩ የአባላት መዝገብ ሲታይ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው በጣት የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። ደነገጥን። ከዚህ በኋላ አንድ እሑድ ወደ ልጅቱ ቤት ሄድን። እናቷ ቡና አፈላች። ልጅቱ በትሕትና ቁጭ ብላ ከሰማችን በኋላ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ እኛ እኮ የእናንተን ካሴት እየሰማን ነው ያደግነው። እናንተ ግን የእኛን አንዷን ዘፈን እንኳ እስከ መጨረሻዋ አልሰማችሁም።»

መልስ አልነበረንም። አርመኖቹ ልጆች የነፉትን፣ ኒውዮርክ ላይ የተቀነባበረውን «የእኛ» ብለን በኩራት የምንሰማ ሰዎች፣ ናይሮቢ ላይ የራሳችን ልጆች የሠሩትን «የእኛ አይደለም» ብለን አባረርን። ቋንቋቸው እንዳይጠፋ ስንጨነቅ፣ በዚያ ቋንቋ ሊነግሩን የፈለጉትን አቋረጥን። አማርኛቸው ይሰባበራል፤ እውነት ነው። ግን የሚያዳምጠው ያጣ ቋንቋ በምን ይጠገናል?

ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ ምሽት በሁላችሁ ፊት እነዚያን ልጆች ይቅርታ እንጠይቃለን። ከእንግዲህ የቅዳሜው የአዳራሽ ጥግ የእነሱም ነው። ግማሹን ሰዓት እነሱ ያሰሙናል፤ ግማሹን እኛ እናሰማለን፤ ቡናው ከእኛ ነው። ያልገባንን እንጠይቃለን፤ ሳያልቅ ግን አንናገርም። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ካሴትና ሸክላ ካለ አደራ፣ አትጣሉት፤ አምጡትና ልጆቹ በዘመኑ መሣሪያ ይገልብጡት። ድምፁ ከቴፑ ጋር ተላልጦ ሳይጠፋ እንድረስለት።

ንግግራችንን እዚህ ላይ እንቋጭ። ልጆቹ ዛሬ ማታ መጥተዋል፤ ያንኑ ያቋረጥነውን ዘፈን ሊጫወቱልን ፈቅደዋል። ክራሩ ተቃኝቷል። እኛም እንደ ያኔው ፊት ወንበር ላይ ነን፤ ዛሬ ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ ከመካከላችን ማንም አይነሣም።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ፤ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በሰላም ያድርሰን።