ክሊርቪውን ያቀኑ አባትና ልጅ

ሴት አቅራቢ፦ የኦሃዮዋን የጎልፍ ባለሙያ ሬኔ ፓወልን ሳናመሰግን አንለፍ።

ወንድ አቅራቢ፦ ከአባታቸው ጀምሪያ! ቢል ፓወል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለሱ ጥቁር በመሆናቸው የጎልፍ ሜዳዎች በር ዘጉባቸው፤ የራሳቸውን ሜዳ ሊሠሩ ሲነሡም ባንክ አላበድርም አላቸው። ሁለት ጥቁር ሐኪሞች ገንዘብ ሰጧቸው፣ ወንድማቸውም ቤቱን አስያዘላቸው። ሌሊት በጥበቃ ሥራ እያደሩ ቀን መሬቱን መነጠሩ፤ ሣሩን ሳይቀር በእጃቸው ዘሩት። ክሊርቪው የጎልፍ ሜዳ እንዲህ ተሠርቶ በ1948 እ.ኤ.አ. ተከፈተ።

ሴት አቅራቢ፦ ሬኔም እዚያው አድገው በ1967 የሴት ጎልፍ ባለሙያዎችን ውድድር ተቀላቀሉ። ከመጀመሪያዋ ከአልቲያ ጊብሰን ቀጥሎ በውድድሩ ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ናቸው። የግድያ ዛቻ ሁሉ ይደርሳቸው ነበር እኮ!

ወንድ አቅራቢ፦ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ መመለሳቸው ነው። ዓለምን ዞረው ሲያበቁ ያባታቸውን ሜዳ ይዘው ማስተማር መረጡ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በውትድርና ያገለገሉ ሴቶችን በጎልፍ ያግዛሉ። ከዋንጫ ይልቅ ይህን አስበልጣለሁ።

ሴት አቅራቢ፦ እኔም። የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ በስማቸው ሰይሟል፤ ደግ አደረገ።

ወንድ አቅራቢ፦ የአባትየው ክብር ግን እጅግ ዘገየ። የአሜሪካ ጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር የላቀ አገልግሎት ሽልማቱን የሰጣቸው በ2009 ነው፤ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ዐረፉ።